ብርሌ፣ ቡፌና ክሪስታል

ከአዲስ አበባ የሚወጡ ሦስት መንገዶች ከብርጭቆ ጋር ጉዳይ አላቸው። በጅማ መንገድ ሰበታ ላይ የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ይገኛል፤ የእንግሊዙ ዲያጆ እ.ኤ.አ. በ2012 በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ከአሥር ዓመት በኋላ ለቢጂአይ የሸጠው ይኸው ፋብሪካ ነው። በአምቦ መንገድ የአምቦ ውሃ ጠርሙሶች በሣጥን በሣጥን ተደርድረው፣ ቡራዩን አቋርጠው ወደ መዲናዋ ይገባሉ። በጎጃም መንገድ ደግሞ ሱሉልታን አልፎ ጫንጮ ላይ የታጠፈ መንገደኛ ሙገር ሸለቆ ይወርዳል፤ እዚያ የኖራ ድንጋይና የአሸዋ ድንጋይ በገደሉ ግድግዳ ላይ ተነባብረው ይታያሉ። ተራ ብርጭቆ ከሚሠራባቸው ሦስት ዋና ጥሬ ዕቃዎች ሁለቱ እነዚህ ናቸው። ሦስተኛው ሶዳ አሽ ነው፤ እሱም በስምጥ ሸለቆ ከአብያታ ሐይቅ ሲመረት ኖሯል።

በእነዚህ ከተሞች ሳሎን ውስጥ የክብር ቦታ የተሰጠው ብርጭቆ ግን ከሙገርም ከአብያታም አይደለም። ቦታው ቡፌው ነው። በመስታወት በሩ ውስጥ ባለ እግር የወይን ብርጭቆዎች በስድስት በስድስት ይደረደራሉ፤ ከጎናቸው ባለ ክዳን የውስኪ ማንቆርቆሪያ፣ የፍራፍሬ ሳህን፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ አንዳንዴም አንገቷን የቀለሰች ዳክዬ። ከፊሉ የሠርግ ስጦታ፣ ከፊሉ ዘመድ ከዱባይ ወይም ከቤይሩት በሻንጣ፣ በልብስ ጠቅልሎ ያመጣው፣ የቀረው ከመርካቶ የተገዛ ነው። ሁሉም በአንድ ስም ክሪስታል ይባላል። ዋጋውም አቧራውን የማራገፉም ጥንቃቄ በዚሁ ስም ይወሰናል። ነገር ግን ከሚያብለጨልጨው ብርጭቆ ውስጥ እውነተኛው ክሪስታል ጥቂቱ ነው፤ ልዩነቱን ማወቅም ለኪስ ብቻ ሳይሆን ለጤናም ይጠቅማል።

ብርጭቆ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ የግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ በጻፈው የቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ የንግድ መመሪያ ላይ፣ አዱሊስ ወደብ ከሚራገፉት ዕቃዎች መካከል ልዩ ልዩ የብርጭቆ ሥራዎች ተመዝግበዋል፤ ከፊሎቹ ግብፅ ውስጥ ዲዮስፖሊስ በተባለች ከተማ የተሠሩ ነበሩ። አርኪዮሎጂስቶቹ ኔቪል ቺቲክ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ዴቪድ ፊሊፕሰን ደግሞ በ1990ዎቹ አክሱም ላይ ባካሄዱት ቁፋሮ ከመቃብሮች ውስጥ የብርጭቆ ዕቃዎች ወጥተዋል። የአክሱም ባለጸጋ ወደ ወዲያኛው ዓለም ሲሄድ አብሮት እንዲሄድ ከመረጠው ሀብት አንዱ ብርጭቆ ነበር ማለት ነው። በጎንደር ዘመንም የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ ከቬኒስ በመጡ መስታወቶች ስላጌጠ የቤተ መንግሥት ክፍል ጽፏል። ከቬኒስና ከቦሄሚያ የመጣው ጨሌም ከባላባት ቤት አልፎ እስከ ገጠር ገበያ ወርዶ፣ ለጌጥም ለእምነትም ሲያገለግል ኖሯል።

ከሁሉም በላይ የአገሩን መልክ የያዘው ብርሌ ነው። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ረጅምና ቀጭን። የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች እንዳዩት፣ ብርሌ ከአውሮፓ ተጉዞ የሚመጣ ውድ ዕቃ ስለነበር ብዙው ሰው በቀንድ ዋንጫ ሲጠጣ፣ ብርሌ ለመኳንንት ይቀርብ ነበር። ጠጅ አሳላፊው ከብርሌው ጥቂት በመዳፉ አንቆርቁሮ ይቀምሳል፤ ከዚያ በኋላ ነው ለጌታው የሚያቀርበው። ጌታው ሲጠጣ ሰው እንዳያየውም ነጠላ ይጋረዳል። ጠባቡ አንገት ዝንብ አያስገባም፤ መዓዛውንም ይዞ ያቆያል። ግልጽነቱ ደግሞ ሌላ አገልግሎት አለው፤ ጠጁ መጥራቱ፣ ወርቃማነቱና አተላ አለመያዙ በዓይን ይመረመራል፤ ቀንድ ይህን አይፈቅድም። ክሪስታል የሚባለው ነገር ሁሉ የተፈለሰፈው ለዚሁ ዓላማ ነው፤ መጠጥንና ብርሃንን አንድ ላይ ለማሳየት።

ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ የሚለው ተረትም ስለ ሰው ይነገር እንጂ ስለ ብርጭቆ የሚናገረው እውነት ነው። ብረት ሲጫነው ይጎብጣል፤ በብርጭቆ ውስጥ ግን ቅንጣቶቹ ቦታ ለቀው ጫናውን የሚያላሉበት መንገድ የለም። ስለዚህ ጫናው ሁሉ በስንጥቋ ጫፍ ላይ ይከማቻል። በዓይን የማትታይ ጭረት በዝግታ ትራመዳለች፤ አንድ ቀን ማንም ሳይነካው ቡፌ ውስጥ ቀጭ ይላል። እርጥበት ደግሞ በስንጥቁ ጫፍ ያለውን ትስስር ስለሚያላላ ጉዞውን ያፋጥነዋል።

ወደ ክሪስታል አፈጣጠር ስንሻገር፣ በ1450 አካባቢ የቬኒሷ ሙራኖ ደሴት ባለሙያ አንጀሎ ባሮቪየር ተራራ ውስጥ የሚገኘውን ጥሩ የድንጋይ ክሪስታል የሚመስል፣ ቀለም አልባ ብርጭቆ ሠራ። የሙራኖው ብርጭቆ ቀጭንና ስስ ስለነበር ለመንፋት እንጂ ለመጥረብ አይመችም። መጥረብን ያመጣው የከበረ ድንጋይ ባለሙያ ነው። ፕራግ ውስጥ በንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ሩዶልፍ ቤተ መንግሥት ዕንቁ ይጠርብ የነበረው ካስፓር ሌማን ያንኑ መዘውር ብርጭቆ ላይ አዞረው፤ በ1609ም በዚህ ሥራ ብቸኛ የመሆን መብት ከንጉሡ ተሰጠው። የቦሄሚያ ሰዎች ከደናቸው እንጨት አመድ ፖታሽ እያወጡ፣ ከኖራ ጋር እየቀላቀሉ ወፍራምና ጠንካራ ብርጭቆ ይሠሩ ስለነበር፣ የሌማን ጥበብ ለም መሬት አገኘ።

በ1674 ደግሞ ለንደን ውስጥ ጆርጅ ሬቨንስክሮፍት በአዲስ የብርጭቆ ዓይነት ላይ የንጉሥ ፈቃድ አወጣ። ውሎ አድሮም የእርሳስ ኦክሳይድ ቀልጦ የገባበት ብርጭቆ የእሱ ቤት መለያ ሆነ። ዛሬ ብዙ ሰው በልቡ ክሪስታል የሚለው ይህንን ነው።

እርሳስ ምን ያደርጋል? ተራው ብርጭቆ ከመቶ ሰባ እጅ በላይ አሸዋ፣ ወደ አሥራ አምስት እጅ ሶዳ፣ ወደ አሥር እጅ ኖራ ነው። በክሪስታል ውስጥ የኖራውን ቦታ እርሳስ፣ የሶዳውን ቦታ ፖታሽ ይወስዱታል። እርሳስ ከባድ ነው፤ ከባድ አተም ብዙ ኤሌክትሮን አለው፤ ብርሃን በዚያ መካከል ሲያልፍ ይበልጥ ይዘገያል፣ ይበልጥም ይታጠፋል። የማጠፍ አቅሙ በተራ ብርጭቆ 1.52 አካባቢ ሲሆን፣ የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1969 ባወጣው መመሪያ መሠረት የእርሳስ ክሪስታል ለመባል ቢያንስ 1.545 መሆን አለበት። ይኸው መመሪያ እርሳሱ ከመቶ 24 እጅ እንዳያንስ፣ 30 እጅ ሲደርስ ደግሞ ሙሉ የእርሳስ ክሪስታል እንዲባል ይደነግጋል። በቁጥር ሲታይ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ዓይን ግን አይሸወድም፤ ቀዩና ሰማያዊው ብርሃን በተለያየ መጠን ስለሚታጠፉ፣ በተጠረበው ጠርዝ ላይ ነጩ የመብራት ጨረር ወደ ቀስተ ደመና ቀለማት ይበተናል።

እርሳስ ለባለሙያውም ውለታ ውሏል። ብርጭቆው በዝቅተኛ ሙቀት ይለሰልሳል፣ ሳይደርቅም ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ ከቀዘቀዘ በኋላም ገር ስለሆነ መዘውሩ ሳይሰብረው ይገባበታል።

የክሪስታል ጥልቅ ቅርጽ እንዴት ፋሽን ሆነ የሚለው ጥያቄ መልሱ፣ ምናልባት ሳይጠበቅ፣ ግብር ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በ1745 ብርጭቆን በክብደት መቅረጥ ጀመረ፤ ሠሪዎችም ግብር ሽሽት ዕቃቸውን አሳሱ። በስስ ብርጭቆ ላይ ጥልቅ ቅርጽ አይወጣም። አየርላንድ ይህ ግብር አልነበረባትም፤ በ1780 ወደ ውጭ የመላክ ነጻነት ስታገኝ የእንግሊዝ ባለሙያዎች ባሕር ተሻገሩ። ጆርጅና ዊሊያም ፔንሮዝ በ1783 ዋተርፎርድ ላይ ፋብሪካቸውን የከፈቱት በዚህ ማዕበል ነው። ግብር ስለሌለ ግድግዳው ወፈረ፤ ስለወፈረ መዘውሩ ጠልቆ ገባ፤ ዛሬ መርካቶ በሚሸጠው ተራ ብርጭቆ ላይ እንኳ በቅጂ የሚታየው የአልማዝ ቅርጽ መረብ ዓለምን አዳረሰ። ግብሩ በ1825 አየርላንድ ሲደርስ ኢንዱስትሪው መድከም ጀመረ፣ ዋተርፎርድም በ1851 ተዘጋ። እንደገና የተከፈተው በ1947 ነው፤ የከፈተው ቻርልስ ባቺክ የተባለ ከቼኮዝሎቫኪያ የመጣ ሰው ሲሆን፣ የአገሩ ልጅ ሚሮስላቭ ሃቨል ንድፍ አውጪው ሆነ። ሃቨል በ1952 ያወጣው ሊዝሞር የተባለው ንድፍ እስከ ዛሬ ይሸጣል። ኩባንያው በ2009 ከስሮ ሠራተኞቹ የጎብኚዎች ማዕከሉን ለሳምንታት ይዘው ተቀመጡ፤ በማግሥቱ ዓመት አነስ ብሎ ዳግም ሥራ ጀመረ።

አሁን ወደ ጠራቢው እጅ። በትንፋሽ ተነፍቶ፣ ቀስ እያለ በሙቀት ቤት ቀዝቅዞ የመጣው ብርጭቆ ምንም ቅርጽ የለውም፤ ለስላሳ ነው። መጀመሪያ በቀለም አግድምና ሽቅብ መስመር ይሰመርበታል። መስመሩ የንድፉ ሥዕል አይደለም፤ ርቀት መጠበቂያ ብቻ ነው። ንድፉ በጠራቢው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ጠራቢው ዕቃውን በሁለት እጁ ይዞ በሚሽከረከረው የአልማዝ ዲስክ ላይ ከላይ ወደ ታች ይጫነዋል፤ ዲስኩ የሚነካው የብርጭቆውን የታች ፊት ስለሆነ፣ የሚያየው በብርጭቆው ውስጥ አሻግሮ ነው። ውሃ ሳያቋርጥ ይፈስሳል፤ ውሃው ካልፈሰሰ ሙቀቱ ዕቃውን ይሰነጥቃል። የጥልቀቱ መለኪያ ክንድ ነው። ትንሽ ካነሰ ሁለት መስመሮች ሲገናኙ ሹል አልማዝ አይወጣም፤ ትንሽ ከበዛ ግድግዳው ይበሳና የቀን ሙሉ ድካም ወደ ማቅለጫው ይመለሳል። ይህን ለመልመድ ዓመታት ይወስዳል፤ ለዚህም ነው በእጅ የተጠረበ አንድ ብርጭቆ በፋብሪካ የታተመውን ብዙ እጥፍ የሚያስከፍለው። ዋጋው ከዕቃው ይልቅ የክንዱ ነው።

ዲስኩ የሚተወው ጭረት ነጭ ነው። ድሮ በእንጨትና በቡሽ መዘውር፣ በደቃቅ ዱቄት ይወለወል ነበር። ዛሬ አብዛኛው ፋብሪካ በሃይድሮፍሎሪክና በሰልፈሪክ አሲድ ውህድ ውስጥ ይነክረዋል፤ አሲዱ ስስ ሽፋን ልጦ ብሩህ ያደርገዋል። ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የጠርዙን ስለት ትንሽ ያለዝበዋል፣ ለሠራተኛውም እጅግ አደገኛ ነው።

በቡፌ ውስጥ የሚደረደሩት ትንንሽ እንስሳት የሌላ መንገድ ልጆች ናቸው። ዳንኤል ስዋሮቭስኪ፣ ራሱ የቦሄሚያ ሰው፣ በ1892 በኤሌክትሪክ የሚሠራ የመጥረቢያ ማሽን ፈቃድ አስመዘገበ፤ በ1895 ኦስትሪያ ቫተንስ ላይ ፋብሪካ ተከለ። ከመብራት ጌጥ ቁርጥራጮች የተገጣጠመችው የመጀመሪያዋ አይጥ በ1976 ወጣች፤ ዳክዬውም ድቡም ከእሷ በኋላ መጡ።

ታዲያ አንድ የሰበታ ሸማች ሱቅ ውስጥ ቆሞ ምን ያድርግ? ያንሳው። የእርሳስ ክሪስታል ለመጠኑ ከሚጠበቀው በላይ ይከብዳል። ጠርዙን በጣቱ ይዳስሰው፤ በእጅ የተጠረበ ቅርጽ ጥርት ያለ ስለት አለው፣ በቅርጽ ማውጫ የታተመው ግን ቀልጦ የወጣ ነገር ስለሆነ ጠርዙ ክብ ነው። በጎኑ ከላይ ወደ ታች የምትወርድ ስስ የመገጣጠሚያ መስመር ካለች የፋብሪካ ህትመት ነው። አፉን በጥፍሩ ቀስ ብሎ ይምታው፤ ክሪስታል እንደ ደወል ድምፁን ይዞ ይቆያል፣ ተራው ግን ቶሎ ዝም ይላል፤ በተራው ውስጥ ያለው ሶዲየም ሲንቀሳቀስ ንዝረቱን ይበላዋልና። ወፍራምና አጭር ዕቃ ክሪስታልም ቢሆን በደንብ ስለማይጮህ ድምፅ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። የታተመ ብርጭቆ መግዛት ምንም ነውር የለበትም። በ1935 የተመሠረተው የቱርኩ ፓሻባህቼ ለምሳሌ ጥሩ፣ ጠንካራ የገበታ ብርጭቆ ይሠራል፤ ልጆች ባሉበት ቤት እንዲህ ያለው ይሻላል። ስሕተቱ የታተመውን በተጠረበው ዋጋ መግዛት ነው።

ስለ እርሳስ ግን በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ። በ1991 ግራዚያኖና ብሉም የተባሉ ተመራማሪዎች ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ በሊትር 89 ማይክሮግራም እርሳስ የነበረው ፖርት ወይን በክሪስታል ማንቆርቆሪያ ውስጥ አራት ወር ሲቆይ እርሳሱ ከ2,000 እስከ 5,000 ማይክሮግራም ደርሷል። ከአምስት ዓመት በላይ የቆየ ብራንዲ ከ20,000 አልፏል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ልክ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። አሲድ እርሳስን ከብርጭቆው ፊት ያወጣል፤ ጊዜ ደግሞ ያበዛዋል።

ይህ ጠጅ ለሚወድ ቤት በቀጥታ የሚመለከት ጉዳይ ነው፤ ጠጅ ኮምጣጣ መጠጥ ነውና። ጠጅንም፣ አረቄንም፣ የእንግዳ ውስኪንም ለበዓል አሳምሮ በክሪስታል ማቅረብ ይቻላል፤ ሲበቃ ግን ወደ ጠርሙሱ ይመለስ። አረቄን በሚያምር ባለ ክዳን ክሪስታል ሞልቶ ከፋሲካ እስከ መስቀል ቡፌ ውስጥ ማቆየት በግልጽ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ነፍሰ ጡር ሴትና ልጆች ከእርሳስ ክሪስታል ጨርሶ ባይጠጡ ይመረጣል፤ የልጅ አእምሮ በጥቂቱ እርሳስ ይጎዳል። በውስጡ ጭማቂ ለሕፃን ማቅረብማ አይታሰብ። እርሳሱን በባሪየም፣ በዚንክ ወይም በቲታኒየም የተኩ ብርጭቆዎች አሉ፤ በ1857 ካርሎቪ ቫሪ የተመሠረተው ሞዘርም ያለ እርሳስ በሚሠራው ክሪስታሉ ይታወቃል። ለመጠጥ የሚገዛ ሰው እርሳስ የለበትም የሚል ጽሑፍ ሣጥኑ ላይ ይፈልግ።

አጠባበቁ ቀላል ነው። ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አንድ አንዱን ማጠብ፣ መታጠቢያው ሥር ፎጣ ማንጠፍ፣ ከፈላ ወደ ቀዝቃዛ አለመዝለል። የጉድጓድ ውሃ በሚጠቀሙ ሰፈሮች ኖራው ነጭ ጉም ይተዋል፤ በውሃ የቀጠነ ኮምጣጤ ያነሳዋል፣ ወዲያው ማለቅለቅ ነው። የቡናው ዕጣን ጢስም ቀስ በቀስ ብርሃኑን ይሸፍናል። ብርጭቆውን በአፉ ደፍቶ ማስቀመጥ ግን አይመከርም፤ ከዕቃው ሁሉ ደካማው ክፍል አፉ ነው።

ይህ ሁሉ እዚህ ሊሠራ ይችል እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ማቅለጫውን በተመለከተ እንቅፋቱ ብረት ነው። በአሸዋ ውስጥ ያለ ጥቂት ብረት ብርጭቆን አረንጓዴ ያደርገዋል። ባለ ቀለም የቢራ ጠርሙስ ወደ 0.25 በመቶ የሚጠጋ የብረት ኦክሳይድ ይችላል፤ ለክሪስታል የሚሆን አሸዋ ግን ወደ 0.01 በመቶ መውረድ አለበት። ያንን ለማግኘት አሸዋውን ማጠብ፣ በማግኔት መለየት፣ አንዳንዴም በአሲድ ማንጻት ያስፈልጋል፤ ትልቅ መዋዕለ ንዋይ ነው።

መጥረቡ ግን ማቅለጫ አይጠይቅም። አሜሪካ ውስጥ ኮርኒንግ ከተማ በ1880 የተከፈተው የሆክስ ቤት ስሙን ያገነነው ከጎረቤቱ ኮርኒንግ ብርጭቆ ፋብሪካ ያልተጠረበ ዕቃ እየገዛ በመጥረብ ነው። ኢትዮጵያም ጠራቢ አላት። እ.ኤ.አ. በ2008 ወሎ ወገል ጤና ላይ የኦፓል ክምችት ከተገኘ ወዲህ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአልማዝ ዲስክና በውሃ ኦፓል የሚጠርቡ፣ በሴሪየም ኦክሳይድ የሚወለውሉ እጆች በዝተዋል። ሴሪየም ኦክሳይድ ብርጭቆንም የሚወለውለው ያው ዱቄት ነው፤ ካስፓር ሌማንም የተነሳው ከዚሁ ሙያ ነበር። ለኦፓል የሚበቃው ትንሽ ዲስክ ለአበባ ማስቀመጫ አይበቃም፤ ሰፋ ያለና ቁመቱን ይዞ የሚዞር መዘውርና ዱቄቱን ሳንባ እንዳይደርስ የሚይዝ የአየር መሳቢያ ይፈልጋል። ብርሌው ራሱ ዛሬ በገበያ ባለው ስስ ግድግዳ ጥልቅ ቅርጽ አይችልም፤ ቢበዛ በትንሽ የመዳብ መዘውር የሐረግ ሥዕል ይሳልበታል። ለአልማዝ ቅርጽ የሚሆን ብርሌ በቅድሚያ ሆዱ እንደ ዋተርፎርዶቹ ወፍሮ፣ እርሳስ ከሌለበት ብርጭቆ መነፋት አለበት፤ አንገቱ ግን መዘውሩ ስለማይደርስበት ለስላሳ ሆኖ ይቀራል።